ራዳር ከመሬት በታች ምን ያያል?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 ቡናው እየተቆላ ስለሆነ እኔም ወሬዬን ከአቦሉ እስከ ቶናው ባለው ጊዜ ለመጨረስ እሞክራለሁ። ካበዛሁ ሰብሳቢያችን ታስቁመኝ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ራዳር ነው። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለጉድጓድ ብለን በየወሩ ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ፣ ስሙን እዚህ አላነሳም፣ «ራዳር አለኝ፤ ከመሬት በታች 200 ሜትር ድረስ ውኃውን እንደ መስተዋት ያሳየኛል። ግማሹን ክፈሉኝና ቦታውን በጣቴ ልጠቁማችሁ» ብሎናል። ሌላው ምክንያት አፋር ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ኃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ መድረሱን ሰምታችኋል። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችሁ «ይህ እሳት ወደኛ ይመጣል ወይ? ከመሬት በታች ያለውን የሚያይ መሣሪያ አለ የሚሉት እውነት ነው?» ብላችሁ መንገድ ላይ አስቁማችሁኛል። ሁለቱም ጥያቄ ስለ አንድ መሣሪያ ነው፤ መልሳቸው ግን ይለያያል።

እኔ ራዳር የምጎትት ሰው አይደለሁም። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ያነበብሁትንና ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ራዳር ውሸት አይደለም፤ ከዚህ ልጀምር። ጋን ውስጥ ውኃ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ስትፈልጉ ክዳኑን ሳታነሱ ጎኑን በጣታችሁ ታንኳኳላችሁ። ባዶው በኩል አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ውኃው ያለበት በኩል ሌላ ድምፅ። ራዳርም ማንኳኳት ነው። በጣት ፈንታ የሚያንኳኳው በሬዲዮ ሞገድ ነው። መሣሪያው ሞገዱን ይልካል፤ ሞገዱ አንድ ነገር ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል፤ መሣሪያው ደርሶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። ከጊዜው ርቀቱን ያውቃል። ሞገዱ በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር የሚለካው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ እጅግ ያነሰ ነው። ስሙ የገነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አውሮፕላንና መርከብ ከሩቅ ለማወቅ ሲሠራበት ነው። ያው ሞገድ ወደ ታች፣ ወደ መሬት ሲዞር ደግሞ ሌላ ጥቅም ሰጠ።

በእኛው አገር ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ልንገራችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መመለሱን ታስታውሳላችሁ። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 150 ቶን ያህል ነው። ይህን የሚያህል ድንጋይ ከመትከል በፊት የሚቆምበት መሬት ምን እንደያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። መቆፈር ደግሞ ቅርሱን ማፍረስ ነው። ስለዚህ ዩኔስኮ ያሰማራቸው ባለሙያዎች መሬቱን ሳይነኩ በራዳርና በኤሌክትሪክ መረመሩት። ሐውልቱ ከነበረበት ቦታ ሥርና በዙሪያው፣ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ በተሠራው ሜዳ ሥር ሳይቀር፣ ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች ተገኙ። ሰው በየቀኑ መኪና የሚያቆመው በጥንት መቃብሮች ላይ ኖሯል! ሐውልቱ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ።

ታዲያ እዚያ ራዳሩ የፈለገው ምን ነበር? ባዶ ክፍል ነው። አፈር፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ቀጥሎ አየር። ሞገዱ ነጥሮ የሚመለሰው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ስለሆነ እንዲህ ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታየዋል። የተቀበረ ግንብ፣ የቧንቧ መስመር፣ የመቃብር ክፍል በመፈለግ የተዋጣለት ለዚህ ነው። ያውም ከላይ ቅርብ ሲሆኑ፣ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ።

አሁን ወደኛ አፈር እንምጣ። ሞገዱ ጠላቶች አሉት፤ እርጥበት፣ የሸክላ አፈርና ጨው። እነዚህ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል። ደረቅ አሸዋ ላይ በጋሪ የሚጎተት ራዳር 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። እርጥብ ሸክላ ላይ ግን አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። የኛን ዋልካ ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቅ፣ በጋ ላይ የበሬ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር ነው። ዓለም ላይ ራዳር ከሚጠላቸው አፈሮች ዋነኛው እንዲህ ያለው ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሳጥን እየጎተተ 200 ሜትር ድረስ አያለሁ የሚል ሰው፣ በጭቃ በተለሰነ መስኮት የመርሳን ገበያ አያለሁ እንደማለት ነው። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ምናልባት የያዘው መሣሪያ ሌላ ይሆናል፣ ስሙን ብቻ ራዳር ብሎት ይሆናል። ያን ጠይቁት።

«እንዴ፣ ከሰማይ ላይ በራዳር ውኃ አገኙ ሲባል ሰምተናል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሱም እውነት አለበት። በኅዳር 1974 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የምትባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ራዳር ጭና በሰሃራ ላይ አለፈች። በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን ድንበር፣ ዝናብ ለዓመታት በማይጥልበት በረሃ፣ ዓይን የሚያየው ዝርግ አሸዋ ብቻ ነው። በራዳሩ ምስል ላይ ግን ወንዞች ታዩ። ውኃ የሌላቸው፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ይፈስሱ የነበሩ፣ ከአሸዋው ሥር የተቀበሩ ሰፋፊ የወንዝ መውረጃዎች። ሞገዱ አሸዋውን ሰርስሮ ሊያልፍ የቻለው አሸዋው እንደ ቆላ አመድ ደረቅ በመሆኑ ነው። ያኔም ቢሆን የወረደው አንድ ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ጥቂት ሜትር ነው።

ይህን ይዘው ዕድሜያቸውን በረሃ ላይ ካሳለፉት አንዱ ግብፃዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ፋሩክ ኤል ባዝ ናቸው። እኚህ ሰው አስቀድመው ወደ ጨረቃ የሚሄዱትን የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ምን ማየት እንዳለባቸው ያስተማሩ ናቸው። ኋላ በአሜሪካ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ፊታቸውን ወደ አገራቸው በረሃ አዞሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ወንዝ የሮጠበት ቦታ ውኃ ወደ ታች ሰርጓል፣ ስለዚህ የተቀበረው መውረጃ የት እንደሆነ ካወቅን የት እንደምንቆፍር እናውቃለን። ልብ በሉ፣ ራዳሩ ውኃውን አላሳያቸውም። ያሳያቸው የወንዙን ዱካ ነው። ከዱካው ወደ ውኃው ያደረሳቸው ዕውቀታቸው ነው። ዛሬ በግብፅ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ምሥራቅ ዑወይናት በሚባለው ቦታ፣ በጉድጓድ ውኃ ስንዴ ይበቅላል።

ግን ሁሌም እንዲህ አይሰምርም። በ1999 ዓ.ም. እኚሁ ሰው በሰሜን ዳርፉር የጥንት ትልቅ ሐይቅ ዱካ በራዳር ምስል አገኘሁ ብለው ሲያስታውቁ ዓለም ተደሰተ፤ ሺህ ጉድጓድ ይቆፈራል ተባለ። ፈረንሳዊው የውኃ ፈላጊ አላን ጋሼ ደግሞ ያ ሐይቅ ከደረቀ ሺህ ዓመታት ሳይሆነው አልቀረም፣ ውኃው አሁን የለም ብሎ ተከራከረ። ይኸው ጋሼ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎረቤታችን ኬንያ፣ በቱርካና፣ ከሳተላይት ራዳርና ከሌላ መረጃ ተነስቶ ሎቲኪፒ በተባለ ሜዳ ሥር እጅግ ብዙ ውኃ እንዳለ አመለከተ። ዩኔስኮና የኬንያ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. መባቻ ለዓለም አበሰሩ። ተቆፈረ፣ ውኃው ተገኘ። ሲመረመር ግን ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ጀሪካን ይዛ በቀን ስንት ሰዓት የምትሄደውን የቱርካና ሴት አስቧት። ውኃ ተገኘ ሲባል ሰምታ፣ ኋላ ጨው ነው ሲባል ስትሰማ። ከሰማይ የሚታየው ራዳር ውኃው ይጣፍጥ አይጣፍጥ አይናገርም። የሚናገር መሣሪያ በጠርሙስ ተቀድቶ ላቦራቶሪ የሚሄደው ውኃ ብቻ ነው።

ታዲያ በኛ አገር ውኃ የሚፈልጉ ባለሙያዎች በምን ይሠራሉ? ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ተጠንቶ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲለማ አይታችኋል። ያ ውኃ የተቀመጠው ወንዞቹ ከተራራው አውርደው በሸለቆው ውስጥ ባነጠፉት አሸዋና ጠጠር መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ለመፈለግ በብዛት የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ዘዴ ነው። አራት የብረት ካስማ በመስመር ይተክላሉ፤ በሁለቱ ጅረት ይሰድዳሉ፣ በሁለቱ ይለካሉ፤ ካስማዎቹን እያራራቁ ሲሄዱ የጥልቁን ይነግራቸዋል። ደረቅ አለት ጅረቱን እምቢ ይላል፣ ውኃ የጠገበ ጠጠር ቀለል አድርጎ ያሳልፋል፣ ሸክላ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳልፋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላውና ጨዋማው ውኃ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ በመሣሪያው ብቻ አይምልም። የአካባቢውን አለት አይቶ፣ በአቅራቢያ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ምን እንዳወጡ አንብቦ፣ ሰው ጠይቆ ነው የሚወስነው።

ሰው ጠይቆ ያልሁትን ልብ በሉልኝ። የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ፣ የማን ጉድጓድ በየትኛው ዓመት ድርቅ ሳይደርቅ እንደቀረ፣ የቱ ሾላ በበጋ እንኳ ቅጠሉን እንደማይጥል የሚያውቀው የቀዳው ሰው ነው። የቀዳነው ደግሞ እኛ ነን። ባለሙያ መጥቶ እኛን ሳይጠይቅ ሳጥኑን ጎትቶ ከሄደ ግማሹን መረጃ ጥሎ ነው የሄደው።

ለዚያ ሰው እኔ የምጠይቀውን ልንገራችሁ፣ ጸሐፊያችንም ጽፋዋለች። መሣሪያህ የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ ጅረት? በዋልካ ላይ ስንት ሜትር ይወርዳል? ከዚህ በፊት ያመለከትሃቸው ጉድጓዶች የት የት ናቸው፣ ሄደን የሚቀዱትን ሴቶች እናነጋግር? የለካኸውን ቁጥር በወረቀት ትሰጠናለህ ወይስ በጣት ብቻ ነው የምትጠቁመው? የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወረቀቱን ቢያየው ፈቃድህ ነው? ከተቆፈረ በኋላ ፓምፕ ተገጥሞለት ሳይቋረጥ ሲሳብ ውኃው እንደማይሸሽ ሳይረጋገጥ፣ ናሙናውም ሳይመረመር ገንዘቡን በሙሉ ትፈልጋለህ? እውነተኛ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ ገንዘቡ ሣጥናችን ውስጥ ይቆይ። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ድምፁ የሁላችሁም ነው።

ውኃውን በዚህ ልተወውና ወደ አፋር ልሂድ። እውነቱን ለመናገር የኔን ልብ ይበልጥ የሚስበው ይህኛው ነው።

ማታ ያቦካችሁትን ሊጥ ጠዋት ስትከፍቱ ኩፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። እርሾው ውስጡ የሚሠራውን በዓይናችሁ አታዩትም። ኩፍ ማለቱን ግን ታያላችሁ፤ ከዚያ ተነስታችሁ ውስጡ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳተላይት ላይ ያለው ራዳር እሳተ ገሞራን የሚያየው እንዲሁ ነው። 700 ወይም 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መሬቱን ያንኳኳል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ በዚያው ቦታ ላይ ያልፍና እንደገና ያንኳኳል። ሁለቱን ምስሎች አስተያይተው ሲያሰሉ መሬቱ በመካከሉ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሆነ በሳንቲ ሜትር ያውቃሉ። አስቡት፤ ያን ከሚያህል ከፍታ የጣት ስፋት ለውጥ! ይህ ራዳር መሬቱን ሰርስሮ አይገባም። ስለዚህ ዋልካ ይሁን አለት ግድ የለውም፣ ደመናም ጨለማም አያግደውም። ከላይ ያለውን ቆዳ ነው የሚያየው፤ ከቆዳው እብጠት የውስጡን ይገምታል።

በዚህ ዘዴ ከታዩት ሁሉ ታላቁ የሆነው ከዚህ በአሞራ በረራ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ቦታ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በሰሜን አፋር ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስከረም 16 ቀን፣ እኛ ደመራ ስንለኩስ፣ እዚያ ዳዑሬ በተባለ ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድና ጢስ ተፋ። አርብቶ አደሮቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ወደ ቦታው ሄደው የአፋር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ያዩትን ጠየቁ፣ አዳዲሶቹን ስንጥቆች አዩ። ስንጥቁ ያስደነግጣል፤ ግን ከላይ የወጣው ነገር ትንሽ ነበር። ፍንዳታው ይህን ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ከየት መጣ?

መልሱ የመጣው ከሳተላይቱ ነው። ኤንቪሳት የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሣቸው የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱ ለሁለት ተገፍቶ ተገኘ። ከደሴ ወልዲያ ያለውን መንገድ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ከሥር ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቁ ገብቶ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በሰፋበት ቦታ 8 ሜትር ያህል ከፍቶታል። በተለመደው ጊዜ የአፋር መሬት የሚለያየው በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ቢበዛ ነው። በዚያ ሒሳብ 8 ሜትር የ400 ዓመት ሥራ ነው። በጥቂት ሳምንታት ተሠራ! ቅልጡ አለት ደግሞ አብዛኛው ከላይ አልወጣም፤ ከሥር ቀርቶ ቀዘቀዘ። ራዳሩ ባይኖር ኖሮ አንድ ስንጥቅና ጥቂት አመድ አይተን «አለፈ» ብለን እንተወው ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ እዚያው አካባቢ ሌሎች ከደርዘን ያላነሱ ቅልጦች በየጊዜው ገቡ፤ ሁሉንም እየተከታተሉ መዘገቡ።

ይህን ያወጣው ጥናት በዓመቱ ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ከሰባቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ የኛ ሰዎች ናቸው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪው አታላይ አየለና የሥነ ምድር ምሁሩ ገዛኸኝ ይርጉ፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ሦስቱ ደግሞ ሴቶች ናቸው። ሲንቲያ ኤቢንገር የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ ስታጠና የኖረች ናት። ጁልየት ቢግስ ያን ጊዜ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። አና ስቶርክ ሦስተኛዋ ናት። ቢግስ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት፤ ሥራዋም ይኸው ነው፣ ከሳተላይት ራዳር የእሳተ ገሞራን እስትንፋስ ማድመጥ። እሷና ባልደረቦቿ፣ ከነሱም የኛው ኤልያስ ሌዊ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው አሉቶ ተራራ ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ኩፍ ብሎ ቀስ እያለ መሙሸሹን አሳዩ። እዚያ የሚኖር ገበሬ አላወቀውም፤ ከብቱም አላወቀም። ተኝቷል የተባለው ተራራ ግን ይተነፍስ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ሴት ልጆቻችሁም ነው። ይህ ሥራ ጉልበት አይጠይቅም። ካሜራ ይዞ ገደል መውጣትም የግድ አይደለም። የሚጠይቀው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ነው። ሴንቲኔል የሚባሉት የዛሬዎቹ የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሡት የራዳር ምስል ለዓለም ሁሉ በነፃ ክፍት ነው፤ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠች ልጅ ኢንተርኔትና ኮምፒዩተር ካገኘች ብሪስቶል ያለችው የምታየውን ምስል ማየት ትችላለች። ክፍል ውስጥ የማየው ነገር ግን ያናድደኛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ወንዶቹን የምትቀድመው ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ስትደርስ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ወንዱ ሲያጠና እሷ ውኃ ላይ ናት። ለጉድጓዱ የምንቆጥበው ገንዘብ ከዚህም ጋር የተያያዘ ነው እላለሁ።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ፤ እሳቱ ወደኛ ይመጣል ወይ? እነዚያ እሳተ ገሞራዎች ያሉት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ መሬቱ በሳሳበት ቦታ ነው። እኛ የምንኖረው ከሸለቆው አፋፍ፣ ከግድግዳው ሥር ነው። የቀለጠ አለት በደጃችን ይፈስሳል ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፤ አብሽሩ። መንቀጥቀጡ ግን የኛም ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ በምትገኘው ካራቆሬ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ማጀቴን አፍርሷል፣ ዋናውን መንገድም ሰንጥቋል። እድሜ የጠገባችሁ እናቶች ወሬውን ትሰሙ ይሆናል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ የመሠረቱት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዌን ነገሩን ሁሉ መዝግበው የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አውጥተውልናል። ካራቆሬና እኛ ያለነው በአንድ አፋፍ መስመር ላይ ነው።

ራዳሩ ይህን አስቀድሞ ይነግረናል ወይ? ቀኑን አይነግርም። ማንም አይነግርም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ ከሥር ቅልጥ አለት እየገባ መሆኑን የሳተላይት ራዳር አሳይቷል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቦታው ተነስተዋል። ይፈነዳል ወይ፣ መቼ ይፈነዳል የሚለውን ግን በእርግጠኝነት የተናገረ አልነበረም። ኃይሊ ጉቢም ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ የተጻፈ ታሪክ አልነበረም። ሊጡ ኩፍ ማለቱ ይታያል፣ ከጋኑ መቼ እንደሚገነፍል ግን አይታወቅም።

በእጃችን ያለው ቤታችን ነው። ባለፈው ክረምት ግድግዳችሁን ያደሳችሁ እህቶች በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከጣሪያው ሥር ከፍ አድርጋችሁ ደርድራችሁ አይቻለሁ። መሬት ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚወርደው ያ ነው። በእንጨት የተማገረ ግድግዳ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ካብ ቶሎ አይናድም። ከባዱን ድንጋይ ለመሠረቱ ተጠቀሙበት፤ ከራስጌያችሁ በላይ ጋንም ወፍጮም አታስቀምጡ። ልጆች መንቀጥቀጥ ሲሰማቸው ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ ብለው ሜዳ ላይ እንዲቆሙ ንገሯቸው።

ቶናው ደርሷል መሰለኝ። የጥያቄዎቹ ወረቀት ጸሐፊያችን ጋ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ሰውየው የሚመጣው እሑድ ነው፤ ጉድጓዱ ይቆፈርበታል የተባለውን ቦታ ከእሱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት እንየው፤ አካፋ የያዘች ትምጣ፣ ዋልካው ስንት ክንድ እንደሚወርድ ቆፍረን እንለካዋለን።